አያ ቸኮልና የማዶው ሽታ

አያ ቸኮልን እኔ አልደረስኩበትም። አባቴ ግን ጎረቤቱ ስለነበረ ወሬውን አቆይቶልኛል።

አያ ቸኮል ሸማኔ ነበር። በእሱ ዘመን ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባለጸጋ ከከተማው በላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ትልቅ የቆዳ ማልፊያ አቋቋሙ። እጣቢው ወንዙ ውስጥ ይፈሳል፤ ከተማው የሚጠጣውም ልብሱን የሚያጥበውም ከዚያው ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሽታው ይሻገራል። ሴቶቹ እንስራ አዝለው በየዳገቱ ምንጭ ፍለጋ መንከራተት ያዙ።

አንድ ቀን አያ ቸኮል በወንዙ ያጠበውን ጋቢ ገበያ አወጣ። አንዲት ገዢ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቶሎ መለሰችለት።

«ይህ የማን ሥራ ነው?» አለችው።

«ድሩ የኔ፣ ማጉ የኔ፣ ሽታው የፊታውራሪ» አላት። ጋቢውን ሳይሸጥ ተመለሰ።

ነገሩ ፊታውራሪ ጆሮ ደረሰና በግብር ማዕዳቸው ላይ አስጠሩት። «አንተ ቸኮል፣ ስሜን በገበያ ታነሣለህ አሉ። ስንቱ ሥራ ፈት በኔ ማልፊያ እንጀራ እንዳገኘ ታውቃለህ? ለዚህ አገር እንደኔ የለፋ ማን አለ?»

አያ ቸኮል እጅ ነሣና፣ «እርስዎማ የሚያለፉ ነዎት ጌታዬ፤ የለፋነው ቆዳውና እኛ ነን» አለ።

ፊታውራሪ ሊቆጡ ሲሉ ሳቁ ቀደማቸው። ማልፊያው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ የመረራቸው ጎረምሶች ማልፊያውን ሊያቃጥሉ ተማከሩና አያ ቸኮልን ምራን አሉት። እሱ ደግሞ እዚያ ተቀጥረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን ድሆች ያውቃል።

«ቆዳ ለዚህ አገር ምን ያደርግለታል?» አለ አንደኛው።

«ደግ ብለሃል። እንግዲያው መጀመሪያ ሁላችሁም ከጠፍር አልጋችሁ ወርዳችሁ መሬት ተኙና፣ ነገ እንነጋገር።»

ጎረምሶቹ እየተሳሳቁ ተበተኑ። ክስ ይሻላል ተባለ።

ዳኛው ግን የፊታውራሪ ወዳጅ ነበሩ። «ወንዝ ፈሳሽ ነው፤ እድፍ ይዞ አይቆይም። ውሃው ንጹሕ ነው» ብለው ክሱን ሊዘጉ ተነሡ። የእሳቸው አሽከር ማልፊያውን አልፎ ሽቅብ ወጥቶ ውሃ እንደሚቀዳላቸው ያላየ ሰው አልነበረም፤ የሚናገር ግን ጠፋ።

አያ ቸኮል ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ውሃዎን ከላይ እያስቀዱ፣ ፍርዱን ምነው ከታች ቀዱልን?»

ዳኛው መልሰው ተቀመጡ። ማልፊያውም ከከተማው በታች እንዲወርድ ፈረዱ። ከዚያ በታች ገደል እንጂ መንደር አልነበረም።

ፊታውራሪም እያጉረመረሙ አወረዱት። ቆዳ የጫኑ አጋሰሶቻቸው በክረምት መሻገር ሲያቅታቸው ደግሞ ድንጋይ አስጠርበው ድልድይ አሠሩ። በየዓመቱ ሰው የሚወስድ ወንዝ ነበርና አገሩ ሁሉ መረቃቸው። እሳቸው ግን ሰው በነፃ ሲሻገር ባዩ ቁጥር ስለቆጫቸው፣ ከድልድዩ አፍ ላይ ኬላ አቆሙ።

ያ ኬላ ከአንድ የገበያ ቀን አላለፈም። ያን ቀን አያ ቸኮል ማዶ ጥጥ ሊገዛ ሲመጣ ፊታውራሪ ራሳቸው ቆመው አገኛቸው።

«እኔ በደከምኩበት አገር ሁሉ ሲጠቀም ዝም ብዬ አላይም። ቀረጥህን ክፈል ቸኮል» አሉት።

ከኋላው ገበያተኛ ተሰልፏል። አያ ቸኮል መቀነቱን እየፈታ ቀና ብሎ አያቸው።

«እከፍላለሁ ጌታዬ። ያን ሁሉ ዘመን የእርስዎ ሽታ ወደኛ ሲሻገር ግን ማን ቀረጥ ጠየቀው?»