የሲስተር አልጋነሽ ሁለተኛ ደብተር

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን አይደለም፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ከደፋ ወዲህ ነው፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ሲስተር አልጋነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው፣ ያዩትን ሁሉ ጻፉና «የተቀበልኳቸው» ብለው በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙት። እኔ ፒያሳ ትንሽ የመጻሕፍት ሱቅ አለችኝ፤ ሃያ ቅጂ ከፊት ደረደርኩላቸው።

ታዲያ መጽሐፍ ስለተደረደረ ይነበባል እንዴ? ስለሱ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። ሲስተር በፖስታም፣ በአውቶቡስም፣ በሰው እጅም አሥራ ሰባት ቅጂ ላኩ፤ ለሃያሲው፣ ለሬዲዮው፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህር። ከአሥራ ሰባቱ «ደረሰኝ» ያለ አንድ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ሱቄ እየመጡ «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ኧረ ምንም» እላቸዋለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው መጽሐፍ አሳትሞ አያውቅም!

«አድንቁኝ አላልኩም» አሉኝ አንድ ቀን። «እጄ ላይ የሞቱት እናቶች ስም እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ የትም አልተጻፈም። አንድ ሰው ይወቅልኝ ነው የምለው።»

እኔ ምን ላድርግ? ሻጭ ነኝ እንጂ ሃያሲ አይደለሁም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሲስተር አዳራሽ ተከራዩና የምርቃት ባነር አሠሩ፤ ባነሩ ላይ «የመጽሐፉን ዳሰሳ የሚያቀርቡት መምህር ደምሰው ይመር» ብለው አስጻፉ። መምህሩን ግን አልጠየቋቸውም። «ስማቸውን ካዩ እንቢ አይሉኝም» አሉ። እውነትም አላሉም። መምህር ደምሰው አንደበታቸው በከተማው የታወቀ ነው፤ በምርቃቱ ዋዜማ የገዛ ስማቸውን ከአስፋልቱ ማዶ ተሰቅሎ አዩትና ክው አሉ። አንዲት አሮጊት በሰው ፊት አላዋርድም ብለው መድረክ ወጡ። የጀርባ ሽፋኑን ብቻ አይተው ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። አቤት አነጋገር! አዳራሹ ተላቀሰ። በዚያች ከሰዓት መቶ አርባ መጽሐፍ ተሸጠ። ሲስተር እጃቸውን ካልሳምኩ አሉ። መምህሩ ሲወጡ በጆሮዬ «አንድ ገጽ አላነበብኩም፤ እንዳትነግራቸው» አሉኝ። ከዚያም በኋላ አላነበቡትም።

ስለ መጽሐፉ የተናገረች ሁለተኛዋ ሰው ወይንሸት ናት፤ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ልጅ። እሷስ አነበበችው፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ስህተቱን በእርሳስ እያከበበች ዳር ዳሩን አጠቆረችው። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ግማሹ የሆስፒታል ሪፖርት ነው። ደራሲዋ የሞቱትን ሴቶች ስም ይዘረዝራሉ እንጂ አንዷንም አላሳዩንም።» በቃ፣ ገዢው መጽሐፉን አንስቶ መልሶ ያስቀምጥ ጀመር። ሲስተር ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። ተናድጄ ደወልኩላት።

«ምን አደረጉሽ እኚህ ሴትዮ?»

«ምንም። የዋሸሁት ካለ ንገረኝ» አለችኝ።

የዋሸችው አንድም አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ሲስተር ተነሥተው ከኔው ሱቅ ወፍራም ደብተር ገዙ። «ልጅቷ ልክ ናት» አሉኝ። ቤታቸው ገብተው እጃቸው ላይ የሞቱትን አርባ ሴቶች አንድ በአንድ እንደ ገና መጻፍ ጀመሩ፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ ምን እንዳማራት፣ ማንን እንደጠራች።

ሦስተኛው ጓንጉል ነው፤ የኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን ቅጂ አገኘና ወደደው። ተራ ሲጠብቅ መስኮቱን ዘግቶ፣ ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው በድምፁ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ማንን አስፈቅዶ? ማንንም! «ተራኪ ጓንጉል» አለ እንጂ የሲስተርን ስም እንኳ አልጠራም። ዘጠኝ ሺህ ሰው ሰማው፣ እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ቅጂ አልሸጥኩም። ልጣላው መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሱቅህ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ አልነበር እንዴ?» አለኝ።

ደግሞ ከትረካው ሥር አንድ የሐይቅ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. የሞተችው ዘምዘም እናቴ ናት። እንዴት እንደሞተች እስከ ዛሬ የነገረኝ አልነበረም።» ስልኩን ለሲስተር አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡት፤ ስቅስቅ ብለው አለቀሱና «ያንን ሌባ አምጣልኝ፣ ልሳመው» አሉኝ።

ደብተሩን በጨረሱ በወሩ ታመሙ። ሊያርፉ ሲሉ አስጠሩኝና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለመጀመሪያው መጽሐፌ ትልቁን ውለታ ለዋለልኝ ለአንዱ ስጠው። እንዳሻው ያድርገው» አሉኝ።

«የትኛው ነው ሲስተር?»

«ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ እኔ አልችልም። አንተ ፍረድ።»

ምነው እኔን! በአርባቸው ማግስት ሦስቱም ኑዛዜውን ሰምተው ሱቄ መጡ።

መምህር ደምሰው «እኔ ባልናገርለት ኖሮ ማን ያውቀው ነበር? በትልቅ አዳራሽ አስመርቀዋለሁ» አሉ።

«ያነቡታል?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ።

ወይንሸት ደብተሩን እዚያው ቁጭ ብላ አገላብጣ ጨረሰችና «እኔ ባልነቅፍ ይህ ደብተር አይጻፍም ነበር። አርሜ አሳትመዋለሁ» አለች።

«ስንቷን ሴት ቆርጠሽ ታወጫለሽ?»

«ከአርባዎቹ ሴቶች አሥራ አንዷን። ስለነሱ የተጻፈው ደካማ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗን አላሸችም።

ጓንጉል «ሙታኑን ልጆቻቸው ዘንድ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

«የጸሐፊዋን ስም ትጠራለህ?»

«ጋሼ፣ ሰው መግቢያ ሲረዝም ይዘጋዋል» አለኝ።

«አባዝተህ ለሦስቱም ስጥ» ያለኝ ብልጥ አልጠፋም። ኑዛዜው «ለአንዱ» ይላል፤ የሟች ቃል እሰብር? ቄሱን ጠየቅኩ፣ ሼሁን ጠየቅኩ፤ ሁለቱም «ከባድ ነው» ብለው አዘኑልኝ። ሦስቴ ለአንዱ ሰጥቼ፣ ሦስቴ አስፋልቱን ሳይሻገር ጠርቼ ተቀብያለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። እኔ ራሴ ላንብበውና ልወስን ብዬ ከፈትኩት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ላይ ልቤ ተሰብሮ ዘጋሁት። አሁን ክረምት ሊገባ ነው፣ የሱቄ ጣሪያ ያፈሳል፣ ደብተሩ የተጻፈው በእስክሪብቶ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም። አርባ ሴት እጄ ላይ ናት፣ እኔም ፈርቼ ተቀምጫለሁ።

በሉ እናንተ ጎበዞቹ፣ ሳትጣሉ ንገሩኝ። ሳያነቡ ከፍ ላደረጉት፣ አንብባ ለጣለችው፣ ወይስ ሰርቆ ላደረሰው፤ ደብተሩ የሚገባው ለማን ነው?