በድሬዳዋ የዞረው ጥያቄ

አንድ ጥያቄ ከማኅደር ጋር ስድስት ዓመት ኖሯል፦ አባቷ በምረቃዋ ዕለት ለምን ከአዳራሹ ውጭ ቀሩ? ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አበባቸውን ይዘው፣ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። በታላቅ ወንድሟ በይትባረክ በኩል አስጠየቀቻቸው። ይዞ የተመለሰው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሞቋቸው ነው።» ማኅደር ግን «አፍረውብኝ ይሆን?» የሚለውን ሐሳብ ከልቧ ማውጣት አልቻለችም።

በዚያ ቤት ነገር ሁሉ የሚያልፈው በይትባረክ በኩል ነው። ጠብ ኖሮ አይደለም። እናታቸው ካረፉ ወዲህ አባት ዝምተኛ፣ ልጅ ዓይን አፋር ሆነው ቀሩ። አባት «እህትህ በልታለች?» ይሉታል። እህት «አባባን እንዲህ በልልኝ» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ «እኔ እኮ የዚህ ቤት ፖስታ ቤት ነኝ» ይላል።

ታዲያ ይትባረክ ድሬዳዋ ሥራ አገኘና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሄደ። በአምስተኛው ቀን የማኅደር የመጽሐፍ ማንበቢያ ባትሪዋ አልቆ ጠፋች። በመዳፍ የምትያዝ፣ መቶ መጽሐፍ የያዘች ቀጭን ዕቃ ናት። ስትገዛ ከገመድ በቀር ምንም አልነበራትም። ገመዷ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ስለሆነ፣ ከይትባረክ ኮምፒውተር ሌላ ቻርጅ ተደርጋ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማኅደር ለወንድሟ ደወለች።

«አባባን ጠይቅልኝ። ያለ ኮምፒውተር ቻርጅ የማደርግበት መንገድ ይኖራል?»

«አባባ የት ናቸው?»

«ክፍላቸው።»

«አንቺስ?»

«ክፍሌ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! አርባ ዓመት በሰው ቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ከጎንሽ ተቀምጠው ድሬዳዋ ትደውያለሽ?»

«ጠይቅልኝ ብቻ።»

ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ የአባቷ ስልክ ጮኸ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማት። «አቤት ልጄ... ማን?... እዚሁ አይደለችም እንዴ?» ከዚያ መሳቢያ ሲከፈት ሰማች፤ ቀጥሎም በሯ ተንኳኳ።

አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንዲት ነጭ የቻርጀር ጭንቅላት ይዘው ቆመዋል።

«ድሬዳዋ ደርሶ የመጣ መልእክት ነበረኝ» አሉ። «ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ኃይሉን ከየት የሚያመጣ ይመስልሻል?»

«ከ... ከግድግዳው።»

«በይ እንግዲህ። እሱ አቀባይ ነው። ምንጩ ከራስጌሽ ነው።»

«እንዳያቃጥላት ፈርቼ ነው አባባ። ግድግዳው ኃይለኛ ነው።»

«መፍራትሽስ ደግ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ ላንቺዋ አምስት ይበቃታል። ይህች ጭንቅላት መሃል ትገባና ታበርደዋለች።»

ማኅደር ጭንቅላቷን አገላብጣ አየቻት። «የትልቅ ስልክ አይደለች? አይበዛባትም?»

«አይበዛባትም። ይህች ይዛ ትጠብቃለች እንጂ አትገፋም። ዕቃሽ የሚበቃትን ያህል ብቻ ትስባለች።»

ጎንበስ ብለው ሰኩላት። በማንበቢያዋ ጠርዝ ላይ አንዲት ብርቱካንማ ነጥብ በራች። አባቷ ግን ወዲያው አልወጡም፤ ሶኬቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ይህን ያስገባሁት ሰባተኛ ክፍል ስትገቢ ነው። ይህች ልጅ አንባቢ ናት፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ መብራት ያስፈልጋታል ብዬ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስበሳ ዋልኩ። አልሰማሽም?»

«አልነገሩኝም እኮ አባባ።»

«ለይትባረክ ነግሬው ነበር» አሉና ወጡ።

ማኅደር እዚያው ቆማ ቀረች። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያኔ ልጅ ነበር፣ ረስቶት ይሆናል። ግን አንድ ቀን ሙሉ የተበሳ ግድግዳ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ «ሞቋቸው ነው» ከሚለው መልስ ላይስ ምን ያህሉ ጠፍቶ ይሆን?

ስልኳ ጮኸ። ይትባረክ ነው።

«እሺ፣ በራልሽ? ሌላ የማስጠይቅልሽ ነገር አለ?»

«ነበረ» አለች። «ግን ተወው። እሱን እኔው እጠይቃለሁ።»

በስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ቅሬታ በአንድ ጊዜ ቢፈስ አባቷን እንደሚያቃጥላቸው አወቀች። ስለዚህ ቅሬታውን ትታ ጥያቄውን ብቻ ያዘች። ሄዳም የአባቷን በር አንኳኳች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

ከውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። «ግቢ፣ ክፍት ነው።»

የመለሱላትን እሷና እሳቸው ያውቁታል። እኛን የሚበቃን ይህ ነው፦ ፍቅር በአቀባይ ሲያልፍ አቀባዩ ደግ ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ይጎድላል፣ አቀባዩ ሲሄድ ደግሞ ይቋረጣል። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ ከራስጌ ነው። በቀጥታ ለመቅረብ ድፍረት ብቻውን አይበቃም፤ የሚያበርድ ትንሽ ነገር መሃል ይፈልጋል፤ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ አጭር ጥያቄ። የሚወድ ሰው የተረፈውን ራሱ ይዞ ይጠብቃል።

የእርስዎስ ጥያቄ፣ የሚመልስልዎት ሰው ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ሳለ፣ በየትኛው ድሬዳዋ እየዞረ ነው?