ግማሽ የተላጨው ፊት

«አንቺ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር ወይስ ትቀሪ ነበር?» ብለው መምህሬ ጠየቁኝ። እኅቶቼ፣ እኔ ልጆቼ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ሲዘገዩ በር ላይ ወጥቼ የምቆም ሴት ነኝ። ምን ብዬ ልመልስ? እዚህ ሜልቦርን፣ በዚህ ዕድሜዬ ማንበብ የሚያስተምሩኝ ወይዘሮ ዶሪን ናቸው። ታሪኩም የአባታቸው ነው።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በግ መሸለት ነው። የአውስትራሊያ በግ ሸላቾች ደንብ አላቸው። የማብቂያው ደወል ሲደወል በእጅህ ያለውን በግ ጨርሰህ ትለቃለህ፤ ግማሹን ሸልተህ አትሄድም። ከደወል በኋላ አዲስ በግ መያዝ ግን ክልክል ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሰውዬው፣ ስሙ ቨርኖን፣ ሚስቱንና የስድስት ወር ልጁን ትቶ ዘመተ። ያቺ ሕፃን ወይዘሮ ዶሪን ናቸው። ቨርኖን ተኳሽ አልነበረም። ቀርጤስ በምትባል ደሴት፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ቁስለኞችን ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ጢማቸውን ይላጫል። እየላጨም፣ በጎቹ ከእናንተ ይልቅ ጨዋ ነበሩ እያለ ያሾፍባቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ትእዛዝ መጣ። ጠላት ደርሷል፤ መራመድ የሚችል ሁሉ ተራራውን ተሻግሮ መርከብ ይሳፈር። የማይችል ይቅር። የቀረ ምርኮኛ ነው።

በዚያች ሰዓት ቨርኖን እግሩ የተሰበረ፣ ሮይ የሚባል ወታደር እየላጨ ነበር። አንዱ ጉንጭ ጠርቷል፤ ሌላው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

«ሂድ» አለው ሮይ። «ልጅህ ትጠብቅሃለች። በግማሽ ጢም የሞተ ሰው የለም።»

«ዝም በል፣ ትቆረጣለህ» አለና ቀጠለ።

ጨረሰ። ፎጣውን አራገፈ። ደንቡ ተፈጽሟል፤ መሄድ ይችላል። ጓደኞቹ ውጭ ሆነው ስሙን እየጠሩ ነው። ያን ጊዜ በሚቀጥለው አልጋ ላይ የተኛው ቁስለኛ ያልተላጨ አገጩን በእጁ ዳበሰ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቨርኖን ብሩሹን እንደገና ሳሙናው ላይ አሸ። ከደወል በኋላ አዲስ በግ ያዘ።

አራት ዓመት ተማርኮ ኖረ። ሲመለስ ልጁ አምስት ዓመት አልፏት ነበር፤ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀችበት። ወይዘሮ ዶሪን አልሸሸጉኝም፣ ብዙ ዘመን ተቀይሜው ኖሬአለሁ አሉኝ። ለሰው ጢም ብሎ እኔን ይተወኛል? ተሳስተዋል አልላችሁም። ልጅም የራሷ ልብ አላት።

በየዓመቱ ለገና አንድ የሚያነክስ ሰው ጢሙን ጥርት አድርጎ ተላጭቶ ቤታቸው ይመጣ ነበር። ሮይ ነው። አንድ ገና ልጅቷን አጠገቡ አስቀመጣት።

«አባትሽን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ» አላት። «የዚያን ዕለት ሁላችንም ያለቀልን መስሎን ነበር። እርሱ ሁለተኛውን ሰው መላጨት ሲጀምር ግን፣ ነገም ያለ መሰለን።»

እኅቶቼ፣ በእጃችሁ ግማሽ ሆኖ የቀረ ማን አለ? አንድ ጊዜ ሆስፒታል ጠይቃችኋት ያልተመለሳችሁባት ማን ናት? እደውልልሻለሁ ያላችኋትስ? ደግሞ የድርሻችንን ጨርሰናል፣ ደወሉም ተደውሏል እንላለን። በጎን አልጋ ያለውስ? እግዚአብሔር እኛን የወደደን ድርሻው ስለሆነ ነው?

እኔ ዛሬም እፈራለሁ። ልጆቼን ትቼ እቀራለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሰው አገጩን ዳብሶ ሲለምነኝ ግን ፊቴን እንዳላዞር እጸልያለሁ። እናንተም ጸልዩልኝ፤ እኔም እጸልይላችኋለሁ።

በዚያ ቀን ከድንኳኑ መራመድ የሚችሉ አሥራ ሁለት ሰዎች ሄዱ። መራመድ የማይችሉ ሰባት ሰዎች ቀሩ። መራመድ የሚችል አንድ ሰው ቀረ።