አንድ ድንጋይ፣ ሰባት ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የጃርት ቤት ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ዋርካ ሥር በሚዳኙበት ዘመን፣ እመት ኤሊ የምትባል ዳኛ ነበረች። ሕጓ አንድ ነው፤ የሌላውን ቤት የደፈነ መልሶ ይክፈት። ጉዳቱን የምትለካው ደግሞ በምትናገር ዘንጓ ነበር።

መጀመሪያ ከርከሮ ከነብር ሲሸሽ የጃርትን ጉድጓድ ናደባት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ዘንጓ ለካች፣ ቆፍሮ ከፈተ። ጃርትም በማግስቱ ረሳችው።

ቀጥሎ አያ ዝንጀሮ መጣ። የዚያችኑ ጃርት በር፣ ልጆቿ ውስጥ እንዳሉ በድንጋይ ደፈነና፣ እሾኻም ዘር ሁሉ ከዚህ ተራራ ይውጣ እያለ ፎከረ። ዘንጓ ለካች፤ ያው አንድ ጉድጓድ። ዝንጀሮም ድንጋዩን አንስቶ እየሳቀ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላው የሌላ ጃርት ቤት ደፈነ፤ ያንኑ ፎከረ። አሁንስ እመት ኤሊ አንገቷን ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ከትታ መቅረት አማራት። ስንቴ ትፍረድ? ስንቴ አንድ ድንጋይ ታስነሳ?

ልትለካ ስትወጣ ሰባት ቤት ጃርት ሜዳ ላይ ተኮልኩሎ አገኘች። በራቸው ያልተነካባቸው ሳይቀሩ፣ ተዘግቶብን ከምናልቅ ጅብ ይብላን ብለው ከነልጆቻቸው ውጭ ያድራሉ። ዘንጓም፣ እኔ ጉድጓድ እንጂ ይኼን መለካት አላውቅበትም አለቻት።

ዝንጀሮን አስጠራችው። እሱ እቴ!

«ከርከሮ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ቆፈረ። ለእኔ ሲሆን ይብሳል? ዳኛ ልብ ይመረምራል እንዴ?»

«ልብህን ማን አየልህ? አፍህን ነው የሰማሁት፤ ተራራው ሁሉ ሰምቷል። ከርከሮ አንድ ቤት ናደ፤ አንተ ሰባት ቤት አስለቀቅህ። ለሰባቱም ማምለጫ በር ቆፍር። የመጨረሻዋ ጃርት ቤቷ እስክታድር ድረስ አንተም ገደልህ ላይ አታድርም።»

ዝንጀሮ አምስተኛው ላይ ጥፍሩ ቢያልቅም ሰባቱንም ቆፈረ። ሲመሽ የጅብ ድምፅ እየሰማ፣ በሜዳ እየተንቀጠቀጠ፣ ኧረ ግቡልኝ እያለ ጃርቶቹን ለመነ። ስድስቱ ገቡ። ልጆቿ የተደፈኑባት ግን እስከ ክረምት አልገባችም፣ እሱም እስከዚያው ሜዳ አደረ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እመት ኤሊም አጠገቧ እያደረች፣ ምነው ያን ቀን ድንጋዩን ብቻ ለካሁ እያለች በራሷ ተናደደች።

ድንጋይ ብቻ የሚቆጥር ዳኛ፣ የፈራውን ሳይቆጥር ይመሽበታል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ከማበሳችሁ በፊት ግን ጎረቤታችሁ ቤቱ ማደሩን ጠይቁልኝ።