ያልተፈተሸው ጉድጓድ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምሬ ወልደ ሐና፣ ወይዘሮ አጸደ ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ። ጤና ጣቢያው ዕድሜያቸው የገፋውን ሁሉ እየጠራ የማስታወስ ችሎታቸውን መመርመር ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ አጸደም «አባቴ፣ ምንም ሳልሆን ለምን እመረመራለሁ? ቢገኝብኝስ ጃጀች መባል ነው ትርፉ» ብለው ነበር የንስሐ አባታቸውን የጠየቁት።

የገበሬው አገር ማሽላ ከመሬት በታች፣ በጉድጓድ የሚቀመጥበት ነው። ጉድጓዱ ከሞላ አፉ በአፈር ይደፈናል፤ እስከ ክረምት ማንም አይነካውም። ብቻ ከበልግ ዝናብ በኋላ መንደርተኛው ተሰብስቦ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ቀጭን ብረት ወደ ጉድጓዱ ይሰዱና አውጥተው ጫፉን ያሸታሉ። ደህና ከሆነ ቀዳዳዋን ደፍነው ይሄዳሉ። የማንም ጉድጓድ ስለማይዘለል የሚያፍር አልነበረም።

ይህ ገበሬ ግን በጉድጓዱ የሚኮራ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ማለዳ በአጠገቡ ሲያልፍ ሽታ ሸተተው። ቆመ። ደግሞ አሸተተ። «የከብቶቹ እበት ይሆናል» አለና መንገዱን ቀጠለ። ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ በኩል ማለፉን ትቶ በጓሮ ዞሮ ይገባ ጀመር። ፈርቷል።

ጎረቤቶቹ ብረታቸውን ይዘው ሲመጡ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ ተነሣ እንጂ» አሉት።

«የኔ እህል ምን ሆነና ነው የሚፈተሸው? ሂዱና የሰነፍ ጉድጓድ ፈልጉ!»

ሚስቱ ከበር ላይ ሆና «ይዩልህ እንጂ፤ ምን ይጎዳሃል?» አለችው። አልተነሣም። ሰዎቹም አክብረውት አለፉ።

ክረምት ገብቶ ጉድጓዱ ሲከፈት ውሃ ከሥር ሰርጎ፣ እህሉ እስከ አፉ ድረስ ሻግቶ ተገኘ። ሚስቱ በእጇ ዘግና አየችውና መልሳ ጣለችው።

«ያኔ ብናውቅ የላይኛው ደህና ነበር» አለች። «አውጥተን እናሰጣው ነበር። ለቀረውም ልጆቹ ሳይበተኑብን መላ እንፈልግ ነበር።»

ገበሬው ልጆቹን እህል ወዳላቸው ዘመዶች ሲሸኝ ያንገበገበው የእህሉ መበላሸት ብቻ አይደለም። ሽታውን እያወቀ፣ ብቻውን እየፈራ፣ ለእነሱ ሳይነግር መክረሙ ነው።

መምሬ ወደ ወይዘሮ አጸደ ዞሩ።

«ልጄ፣ ብረቱ እህል አያበላሽም። የተበላሸውንም አያድንም። ሐኪሙ የጠፋውን ሁሉ ይመልስልሻል ብዬ አልዋሽሽም፤ የሚታከም መርሳት አለ፣ የማይታከምም አለ። ምናልባት ምንም አይገኝብሽ ይሆናል፤ ተመስገን ብለሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። ቢገኝብሽም ደህናው ገና በእጅሽ ነው። ማን እንዲጦርሽ፣ የት እንድትኖሪ፣ ቤትሽ ለማን እንዲሆን በራስሽ አንደበት ትናገሪያለሽ። ፈርተሽ ዝም ብትዪ ግን ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ይወስንልሻል፤ አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ።»