የማስፈራሪያ ሹራብ ደቦ በእመት ጃርት ቤት

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ተረት ስለ ሹራብ ነው። አገር የሚያሳስበው ስንት ቁም ነገር እያለ፣ ትልልቅ ሰዎች ሰብስቤ ስለ ክርና ስለ ኪሮሽ ማውራቴ እንደሚያስነቅፈኝ አውቃለሁ። ሆኖም የአንዲት በግ ነፍስ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ በጽሞና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ቀን ቆርጠው እንግዳ በሚጠራሩበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ባለሙያ ነበረች። ጉድጓዷ ሰፊ፣ ወለሏ የተጠረገ፣ ምግቧ የጣፈጠ። ግን ማን ይቅመሰው? እሾኋን ፈርቶ ደጇን የሚረግጥ አልነበረም።

አንድ ጥቅምት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽመላ ደጇ ላይ አረፈና እንዲህ አላት፤ "በዚያ አገር ሃሎዊን የሚባል ቀን አለ። ሰው ሁሉ አስፈሪ ነገር ለብሶ እርስ በርሱ ይፈራራል። ባለሙያዎቹ ደግሞ አስቀድመው ይሰበሰቡና አስፈሪውን በሹራብና በኪሮሽ አብረው ይሠራሉ።"

"አብረው?" አለች እመት ጃርት። ከተነገራት ሁሉ ልቧ ውስጥ የገባችው ይህች ቃል ነበረች።

በማግስቱ ደቦ ጠራች። ዶሮ መጣች። አይጥ መጣች። በግ ግን ደጅ ላይ ቆማ አመነታች።

"እመት ጃርት፣ ይህ መንገድ ጅብ የሚያዘወትረው ነው ይሉኛል።"

"ከሱፍሽ በቀር ምንም ሳይጎድልሽ ትመለሻለሽ፤ ቃሌ ነው።"

በግ ገባች። እመት ጃርት ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች፣ ለሹራብ ሁለት ሁለት፣ ለኪሮሽ ጫፉን ቆልመም አድርጋ አንድ አንድ አደለች። "ሁላችን የምንፈራውን እንሠራለን" አለቻቸው። የእመት ጃርት እንዝርት ደግሞ ሱፉን በቀጥታ ከበግ ጀርባ እየሳበ ይፈትል ጀመር።

"እሜቴ በግ፣ ልጨምር?" ይላታል።

"ምን ቸገረህ ወንድሜ፣ ጨምር።"

ልጨምር ይላታል፤ ጨምር ትለዋለች። በሦስተኛው ጀርባዋን በርዷታል። ግን በሰው ቤት "ይበቃል" ማለት ከየት ይመጣል? "ጨምር" አለች።

እመት ጃርትም ሌላ ይሉኝታ ያዛት። ለእንግዳ ክር ቆርጦ መስጠት ንፍገት መሰላትና አላስቆረጠችም። በዚህ የተነሣ የሁሉም ሹራብ ከበግ ጀርባ ጋር እንደተያያዘ ቀረ።

ዶሮ ጭልፊት ትሠራለች፣ አይጥ ድመት ትሠራለች፣ በግ ጅብ ትሠራለች።

"እዚያ አገር የሚፈሩት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው አሉ" አለች አይጥ።

"ታድለው" አለች ዶሮ።

የበግ ጅብ አንድ ጆሮ ሲቀረው ከደጅ ድምፅ ተሰማ። "ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?"

አያ ጅቦ ነበር።

እመት ጃርት እሾኋን ልታቆም ብትል ግማሹ በእንግዶቿ እጅ ነው። በግ ልትሮጥ ብትል በአራት ሹራብ ታስራለች። "ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ብጠራ፣ የጠራሁትን ላስበላ ነው" አለች እመት ጃርት በሆዷ። በአፏ ግን ለእንግዳ የሚባለውን አለች፤ "ኖር።"

ሁሉም ብድግ አሉ። በግም ክሩ እስከፈቀደላት ድረስ ብድግ አለች።

"በእግዜር፣ አትነሡ" ብሎ ጅቦ ከበግ አጠገብ ተቀመጠ። ሥራዋን አየት አደረገና "ጆሮው ተንጋዷል" አለ።

"አስተካክለዋለሁ ጌታዬ" አለች በግ።

"ራት መቼ ነው?" አለ፣ ዐይኑን ከእሷ ሳይነቅል።

"የደቦ ወጉን ያውቁታል አያ ጅቦ" አለች እመት ጃርት። "ሥራ ሳያልቅ አይበላም። የገባ ሁሉ የሚፈራውን ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያ ይበላል።"

"እኔ የምፈራው የለም።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለው ይጠብቁን። ሥራ ሳይነካ በላ ብሎ የሚያወራብዎ ከመካከላችን አይገኝም።"

"እኔ በበኩሌ አላወራም" አለ እንዝርት። እንዝርት የሰማውን ሁሉ እያዞረ እንደሚያወራ ግን አገር ያውቃል።

ጅብ ስሙን ይወዳል። "አምጪው እስቲ" ብሎ እሾህ ተቀበለ።

መጀመሪያ አንበሳ ጀመረ። "ያን ያህል አይደለም" ብሎ ፈታው። ቀጥሎ እሳት ጀመረ። "ይህም ያን ያህል አይደለም" ብሎ ፈታው። ሦስተኛውን ግን አልፈታውም። አንገቱን ደፋ፤ እጁ ፈጠነ።

የማሳያው ሰዓት ደረሰ። ዶሮ ጭልፊቷን ስታነሣ ራሷ ደንግጣ ጣለችው። አይጥ ድመቷን በሩቁ አሳየች። በግ ጅቧን ስታሳይ ወደ ጅቦ አላየችም። እመት ጃርት በክር የሠራቻትን አንዲት ትንሽ በርጩማ አወጣች።

"ይኼ ምኑ ያስፈራል?" አለ ጅቦ።

"ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።"

ጅቦ እንኳ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተራው የእርስዎ ነው" አለችው።

ጅቦ ሥራውን እግሩ ሥር ሸጎጠ። "አላለቀም።"

"አልቋል" አለ እንዝርት፤ "ክር መሳብ ካቆሙ ቆዩ።"

ጅቦ በግን አየ። ሥራውን አየ። እንደገና በግን አየ። ምራቁን ዋጠ። ከዚያም ተነሣና "ለካ ቤት የረሳሁት ነገር አለ፤ እናንተ ቀጥሉ፣ ደርሼ እመጣለሁ" አለ። ሲወጣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፈጠን ፈጠን፣ ከዚያ በሩጫ ነበር።

በግ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ዘርፈጥ አለች። አይጥ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ዶሮ ሳታስበው እንቁላል ጣለች። እመት ጃርትም ራት አቀረበች፤ ያን የመሰለ ንፍሮ ከዚያ በፊት በልተው አያውቁም።

በልተው ሲጨርሱ ጅቦ የተወውን ሥራ ገለጡት። ሻሽ ያሰረች፣ ቅንድቧን የቋጠረች አሮጊት ጅብ ነበረች።

"እናቱ ናት" አለች በግ። "ቁርጥ እሷን።"

"ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግራት ወጥቶ ነዋ" አለች አይጥ።

እመት ጃርት ሹራቡን ደጇ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ጅብ አላለፈም፤ ደቦውም በየጥቅምቱ ይጠራል፤ ክርም ለሁሉም እየተቆረጠ ይሰጣል።

እንግዲህ ምክሩ ይህ ነው፤ ሊበላችሁ የመጣን ኃይለኛ የሚፈራውን በሰው ፊት ጠይቁት። እውነቱን ከሚናገር ራቱን ይተዋል።

ታዲያ አደራችሁን፣ ይህን የሰማችሁትን ለማንም እንዳትደግሙት። አያ ጅቦ ዛሬም በሰፈሩ የተከበረ ነው፤ እናቱም በሕይወት አሉ።