ጥቁሩን ደመና የጠራችው እንቁራሪት

ተረት ተረት! ጆሮውን ላዋሰኝ ሁሉ ጤና ይስጥልኝና፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ባለ ኩሬ ውስጥ እመት እንቁራሪት ትኖር ነበር። ልጆቿ ገና እግር አላወጡም፤ ኩሬው ደግሞ ደርቆ ደርቆ እፍኝ የማይሞላ ውሃ ቀርቶታል።

የየሳምንቱን አየር የሚናገረው ኩሩው አያ ቁራ ዋርካው ላይ ወጣና፣ «ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ የለም! ሁላችሁም ወደ ወንዙ ውረዱ!» ሲል ለፈፈ። እንስሳቱ ተግተልትለው ሄዱ። እመት እንቁራሪት ግን ልጆቿን ጥላ የት ትሂድ? ቀና ብላ ወደ ሰማይ ትጣራ ጀመር።

መጀመሪያ እንደ ላባ የሳሳ ደመና ከላይ ሲያልፍ፣ «እባክህ ውረድልኝ!» አለችው።

«መንገደኛ ነኝ፤ ቸኩያለሁ» ብሏት አለፈ።

ቀጥሎ እንደ ባዘቶ የነጣ ደመና መጣ። «አንተስ ትንሽ ብታፈስልኝ?»

«ከዘነብኩ እኮ መልኬ ይጠፋል!» ብሎ እየተንሳፈፈ ሄደ።

የልጆቿ ጀርባ ከውሃው በላይ መታየት ሲጀምር፣ ከተራራው ኋላ ጥቁር ደመና እያጉረመረመ ብቅ አለ። እመት እንቁራሪት በደስታ ዘለለች። «ና! ና የኔ ጌታ!»

ደመናው ደንግጦ ቆመ። «እኔን ነው? ያየኝ ሁሉ ሮጦ ይሸሸጋል እኮ!»

«የእኔ ደጅ ክፍት ነው፤ ግባ!»

ደመናው ሆዱ ባባና የያዘውን ሁሉ እዚያው ዘረገፈው። ኩሬው ግጥም አለ፤ ልጆቿም ከዳር እስከ ዳር ቦረቁ። እናታቸው ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ «ጨምር! ጨምር!» ትል ነበር፤ እሱም ይጨምር ነበር።

እኔም ተረቴን ዝናቡ ሳያረጥበው እዚህ ላይ አስጠለልኩት።